የሣጥኑ ክዳንና በግማሽ የቀየርኩት ባትሪ

ዛሬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ካቻቢቴዬ እጄ ላይ ጨሰ።

እንጅባራ ውስጥ አናጢ ነኝ። የሬሳ ሣጥን ክዳን እናት እየሰማች በመዶሻ አልመታም፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው እንደዚያ ነው ያስለመዱኝ። በብሎን ነው የማስረው። ባለባትሪውን ካቻቢቴ የያዝኩትም ለዚሁ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው።

ትናንት ጉልበቱ ሲደክም ባትሪውን ፈታሁት። ውስጡ ካሉት ሦስት ድንጋዮች የሞተውን አንዱን ብቻ በአዲስ ቀየርኩ። የራዲዮ ጠጋኙ ወዳጄ "ሦስቱንም አብረህ ቀይር፣ አሮጌና አዲስ አይስማሙም" ብሎኝ ነበር። ተከራከርኩት። አናጢ የማያውቀው ነገር የለም መቼም።

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ አረፈ። ክዳኑ ላይ ሁለት ብሎን እንዳሰርኩ ባትሪው ጋለ፣ ጨሰ፣ ቀጥ አለ። የእጁን ካቻቢቴ ሱቅ ትቼው መጥቻለሁ። ካህናቱ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ሰው መዶሻና ምስማር አቀበለኝ።

አንዴ እንደመታሁ እትዬ ጥሩወርቅ አጠገቤ መጡ።

"ቀስ አድርገህ ልጄ፣ ያመዋል" አሉኝ።

ገና አራት ምስማር ይቀረኝ ነበር።

እንዲህ ባለ ሰዓት ዕቃ የከዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እናንተ ብትሆኑ የቀሩትን እንዴት ትመቷቸው ነበር?