ሬሳው የማይሸት ጦርነት

ይርጋ ጥላዬ ወሎ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተረጉም ሰው ነበር። አንድ እሑድ ታሪኩ አፍሪካ ውስጥ የሆነ የቻይና የጦር ፊልም ገባ። አንድ ቻይናዊ ወታደር ብቻውን መቶ ጥቁር ረፈረፈ፤ እሱን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። መንደሩ ነደደ፣ እናቶች ጮኹ፣ ወዲያው ባንዲራ ተውለበለበና ሙዚቃው ደመቀ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ይርጋ ግን የሰሜኑ ጦርነት መርሳ በደረሰ ጊዜ የጎረቤቶቹን ሬሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ቀብሯል፤ ሽታው ዛሬም ከአፍንጫው አልጠፋም። መተርጎሙን አቆመ።

«ወታደሩ ምንድነው ያለው? ንገረን እንጂ!» ብለው ተመልካቾቹ ጮኹበት።

«ለአገሬ ስል ገደልኩ ነው የሚለው። የእኛንም ልጆች እንዲሁ በዘፈን ነው ወደ ጦር ሜዳ የሸኟቸው። ለዚህስ አፌን አላውስም!» አለና ማይኩን አጥፍቶ ወጣ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት በማግስቱ ቢለምነውም አልተመለሰም። አሁን ባጃጅ ይነዳል።