«ዕብራይስጥ አጭር ነው፣ እማ»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። በየዓመቱ የኃጢአት ማስተሰረያውን ቀን፣ ኪፑርን፣ ስጾም እንኳ በፈጣሪዬ ፊት ሌላ ሌላውን እየቆጠርኩ ይህን አልፈዋለሁ። ለእናንተ መናገር የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ነው። አትዘኑልኝ፤ ብቻ ስሙኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እስራኤል አገር ሀደራ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሞራዋ፣ አስተማሪያችን፣ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀለች። እያንዳንዱ አገር የራሱ መስመር አለው፤ መስመሩ ድሮና ዛሬ ዓመት ሳይሞላቸው ስንት ሕፃናት እንደሚሞቱ ያሳያል። የእስራኤል መስመር ወርዶ ወርዶ ከታች ተኝቷል። የኢትዮጵያው ከላይ ነው። ቀጥላ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚያሳየውን ሰቀለች፤ እዚያ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ከሁሉ በታች ሆነች። ሞራዋ «እዚያም እየተሻለ ነው» ብላለች፤ ግን ማን ሰማት? ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። አንዱ «እናትሽ ስንት ቀብራለች?» አለኝ፤ ሳቁ። «አንድም!» አልኩ። በዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ የመጣሁ ልጅ ነኝ፤ ግን ሁለት እንደቀበረች አውቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት እርጉዝ እናቴን ይዤ ቲፓት ሀላብ ሄድኩ፤ የእርጉዞችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ነው። አባቴ ጋን ሽሙኤል ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነበር፤ የእናቴ አፍ እኔ ነበርኩ። እኛ ሰፈር ባንክም ቢሆን ሐኪም ዘንድም ቢሆን የሚተረጉመው ልጅ ነው። ነርሷ «ከዚህ በፊት የሞተባት ሕፃን አለ?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ጥያቄውን ስነግራት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጀመረች። ከእኔ በፊት ሁለት ወልዳለች። ሁለቱም የሞቱት በአራስ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ለወላድ በሚሠራው፣ ወንድ በማይገባበት ጎጆ። ወንዱ ለግዝረቱ ሳይደርስ፣ ሴቷም ስም ሳይወጣላት። ጡት እምቢ አሉ፣ ገላቸው ነደደ፣ አለቀ። አባቴ በሕይወት አላያቸውም። አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

እኔ ምን አልኩ? «ሎ» አልኩ። የለም። አለቀ። ያ ከላይ ያለው መስመር ዓይኔ ላይ ነበር፤ ያቺን ጎጆ በምን አፌ ልንገራት? አፈርኩ። አዎ፣ በእናቴ አፈርኩ። ነርሷ «ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?» አለችኝ። «አገሯ ናፍቋት ነው» አልኳት። ምን ቆርጦኝ ነው?

ስንወጣ እናቴ «ያን ሁሉ ነገርሻት? ቶሎ ጨረስሽሳ!» አለችኝ።

«ዕብራይስጥ አጭር ነው፣ እማ።»

«ተባረኪልኝ፣ የኔ ሸጋ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ወንድሜ እዚሁ ተወለደ። በሁለተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ፤ ገላው ነደደ። ሞተ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራኝና «እርግጠኛ ነሽ? ከዚህ በፊት እንዲህ የሆነባት ልጅ የለም? ብናውቅ ኖሮ ገና በምጥ ሳለች መድኃኒት እንጀምርላት ነበር» አለኝ። ያኔም «ሎ» አልኩ። ወንድሜ ሞቶ እንኳ «ሎ» አልኩ! እንግዲህ እሱ የሚቆጠረው ከእስራኤል ጋር ነው፤ ባፈርኩበት መስመር ላይ የለም።

እናቴ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር፤ እኔ ምንም አልደበቅኋቸውም። ከእግዜር ነው» ትል ነበር። በዚህ ተጽናናች። ይህን መጽናኛ እንዳልነጥቃት ብዬ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ለራሴ ፈርቼ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ አገባሁ፣ አረገዝኩ። እናቴ እዚያው ጣቢያ አብራኝ መጣች። ነርሷ በቤተሰብ የሞተ ሕፃን እንዳለ ስትጠይቀኝ እናቴ ጥያቄው ገባት፤ ዕብራይስጥ ለምዳለች። «እንደኔ ጊዜ ሁሉንም ንገሪያት» አለችኝ።

ነገርኳት። ጎጆውን፣ ወንዱን፣ ሴቷን፣ ሀደራ የሞተውን። ነርሷ አላቋረጠችኝም። እናቴ ከጎኔ ሆና አፍ አፌን ታያለች። ስጨርስ፣

«ዛሬስ ረዘመ» አለች።

ወደ ሰፈራችን ወደ ናሕሊኤል በሚወስደን አውቶቡስ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ልጄን ይኸው ታሳድግልኛለች፤ ስታቅፈው ዓይኗን እሸሻለሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የሚጠየቀው እሷን ነው። ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመልጥም። ልጅማ ወንድሜ ነበር።