ሞተሩን ማን ሠራው?

ይህ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ጎልማሳ ነበርሁ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ የከፋ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ጥይት ያልተተኮሰበት፣ ሰው ያልተመታበት ያ አንድ ቅዳሜ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ወርክሾፕ መካኒክ ነበርሁ። ወርክሾፑ የሞተር ጉልበት መለኪያ ነበረው። የመኪናው የኋላ ጎማዎች ሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ ይቆማሉ፤ መኪናው እንዳይሄድ በሰንሰለት ይታሰርና ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ጎማው ባለበት ሲሽከረከር መሣሪያው ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ያሳያል።

በከተማው የራሳቸው መኪና የነበራቸው አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች ትንሽ ማኅበር ነበረቻቸው። መምህራን ነበሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኞችም ነበሩ። የማን መኪና ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ ከርመው አንድ ቅዳሜ መጥተው ሊያስለኩ ተስማሙ።

ያኔ ሰው እንደ ልቡ አይሰበሰብም። ስለዚህ ለቀበሌ ስናመለክት «የነዳጅ ቁጠባ ቀን» አልነው። ሊቀመንበሩ ፈቀደ። «እኔም መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ» አለ።

ስለ ይሄይስ ልንገራችሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራ መካኒክ ነበር፤ የዘጌ ልጅ፣ የመሪጌታ ልጅ። የተጋጨች ሰማያዊ ፊያት ገዝቶ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተሯን ሠራ። ፒስተኖቹን ከወርቅ ሠሪ በተዋሰው ሚዛን እየመዘነ፣ አራቱም እኩል እስኪመዝኑ በደቃቅ ሞረድ ይፍቃቸው ነበር።

«ብራና የምትፍቅ ትመስላለህ» እያልሁ እቀልድበታለሁ።

«ብራናውም ሞተሩም የሚወደው ትዕግሥት ነው» ይለኛል።

ሠርቶ በጨረሰ በአራተኛው ወር ከሥራ ቦታው ወሰዱት። መኪናዋንም በማግስቱ ወሰዷት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ የማውቀው የእስር ቤት ጠባቂ መንገድ ላይ ሲያልፈኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ይሄይስን አትጠብቁት» አለኝ። ገባኝ። ለማንም ሳልናገር ዋጥሁት።

አባቱ ግን ይጠብቁ ነበር። መሪጌታ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በጀልባ ይመጣሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲጠኑ ይቆዩና ወርክሾፑ በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር ያርፋሉ።

«ወሬ ሰማህ ወይ ልጄ?» ይሉኛል።

«አልሰማሁም መሪጌታ» እላቸዋለሁ። ውሃ አጠጣቸዋለሁ፤ መርቀውኝ ይሄዳሉ። እንዲህ እንዳልን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር።

የዚያን ቅዳሜ መኪኖቹ ከረፋዱ ጀምሮ ተሰለፉ። አንዱ ቮልስ ሃያ ስድስት የፈረስ ጉልበት አሳየ፤ ባለቤቱ እንደ ሙሽራ ተጨበጨበለት። ሁለት መምህራን አንድ ዓይነት ፊያት ነበራቸው፤ የአንዱ አርባ አንድ፣ የሌላው ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሠላሳ ስምንት የደረሰው የጂኦግራፊ መምህር ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን አይቶ፣ «ይህ መሣሪያ ፀረ ሕዝብ ነው» አለ። ሳቅን፤ ሲስቅ ግን ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ያይ ነበር።

እኩለ ቀን ሲጠጋ ሊቀመንበሩ መጣ። የያዘው ነጭ ፊያት ነው። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩን አወቅሁት። የዘይት ቱቦውን የያዘው የነሐስ ማሰሪያ እኔና ይሄይስ ከተሰበረ የጀልባ ዕቃ ቆርጠን የሠራነው ነው። ቀለሟን ለውጠዋል እንጂ መኪናዋ የይሄይስ ናት። ቀና ስል የወርክሾፑ ሰዎች በሙሉ ያዩኛል። ሁሉም አውቀዋታል።

መኪናዋን በሰንሰለት አሰርኋት። ነዳጅ ስሰጣት እንደ ሌሎቹ አልተንቀጠቀጠችም፤ ድምፅዋ ሳይቆራረጥ ከፍ እያለ ሄደ። ሲያወራ የነበረው ሰው ወደ መሣሪያው ተጠጋ። ቁጥሩን ሳየው አላመንሁም። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ሰሌዳው ላይ ሃምሳ አምስት ብዬ ጻፍሁ።

ሊቀመንበሩ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። ሁለቱ መምህራን የያዙትም ያንኑ ዓይነት ፊያት ነው፤ የእሱ ግን በብዙ በልጣለች።

«ይህን ሞተር የሠራው ማነው?» አለ። «ከዚህ ቤት እንደወጣ ሰምቻለሁ።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሊቀመንበሩ እዚያ ቀበሌ ከተሾመ ገና ጥቂት ወሩ ነበር፤ ምናልባት እውነትም አያውቅም ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ያውቃል፤ ስሙን ማን እንደሚያነሳ ሊያይ ነው። ይህን ሳሰላስል ከዋርካው ሥር ነጭ ጥምጥም ሲነሳ አየሁ። መሪጌታ ነበሩ። መቼ እንደመጡ አላየኋቸውም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሰዉ መጡ፤ ከንፈራቸው ሲላወስ አየሁ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልሁ።

ሊቀመንበሩ እጄን ጨብጦ አወዛወዘኝ። «ታዲያ ምን ያስፈራሃል? እንዲህ ያለ ባለሙያ ተደብቆ ይኖራል እንዴ?» አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር።

መሪጌታ መኪናዋ ዘንድ ደርሰው ጎንበስ አሉና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ሊቀመንበሩ ከጎኔ ቆሟል።

«አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉኝ።

«አዎን መሪጌታ፣ እኔ ነኝ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እጅህ ይባረክ» አሉና ዞረው ሄዱ። የዚያን ቀን ወሬ ሰማህ ወይ አላሉኝም። ውሃም አልጠጡም።

ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበሩ ሌላ መኪና አምጥቶ «እንደዚያችኛዋ አድርግልኝ» አለኝ። ሦስት ወር ለፋሁ። ፒስተን መዘንሁ፣ ሞረድሁ፣ ከመሣሪያው ላይ አውጥቼ መልሼ ሰቀልሁት። አርባ አራት ላይ ቆመ። «ያችኛዋን እንዴት ሠራሃት?» ሲለኝ «ዕድል ነው ጓድ ሊቀመንበር» አልሁት። ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ እሱን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

መሪጌታ በሁለተኛው ሳምንት አልመጡም። በአራተኛውም አልመጡም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከእንግዲህ ፊታቸው ቆሜ «አልሰማሁም» አልልም ብዬ ተነፈስሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ዘጌ ሄድሁ። መሪጌታ አርፈው ነበር። የይሄይስ ታናሽ እህት ውድነሽ ስሜን ስነግራት አወቀችኝ፤ አስገብታ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦

«የዚያች መኪና የወንበር ልብስ የኔ ስፌት ነው። በቀይ ክር ነበር የሰፋሁት። አባባ ያወቋት በዚያ ነው። ያን ቅዳሜ እንደተመለሱ ካህናቱን ጠርተው ‹ለልጄ ፍትሐት አድርሱልኝ› አሉ። ካህናቱ ‹መሞቱን በምን አወቁ?› ሲሏቸው፣ ‹ያ ልጅ የይሄይስ ወዳጅ ነው። ይመለሳል ብሎ ቢያስብ ኖሮ የእጁን ሥራ የኔ ነው አይልም ነበር› አሉ።»

«ተቀይመውኝ ነበር?» አልኋት።

«እንጃ» አለች። «ክፉ አልተናገሩም። ግን ስምህን ዳግመኛ አንስተው አያውቁም።»

የት እንደተቀበረ ጠየቀችኝ። እሱን እኔም አላውቅም።

አንዳንዴ፣ ሽማግሌው ከተናገሩ ይወስዷቸዋል ብዬ ነው የዋሸሁት እላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለራሴ ፈርቼ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ የታዘዝሁትን ጾሜአለሁ፣ ሰግጃለሁ። ስለ ውሸቱ ቀለል ብሎኛል።

ያልቀለለኝ ሌላ ነው። ከወርክሾፑ እስከ ጀልባው መነሻ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። ሌላ ሰው መርዶ ሲረዳ ዘመድ ጎረቤት ግራና ቀኝ ይይዘዋል። መሪጌታ ያን መንገድ የልጃቸውን መርዶ ይዘው ብቻቸውን ሄዱት። እኔ የሚቀጥለውን መኪና በሰንሰለት እያሰርሁ ነበር።