የከተማችን ዘር ቆጣሪ

በእኛ ከተማ ክፉ ሰው ተቀብሮ አያውቅም። ከመቀበሩ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ በታሪኩ ውስጥ ሟች ሁሉ የተራበ አብልቷል፣ የተጣላ አስታርቋል። ዕድሜውን ሙሉ የጎረቤት ድንበር ሲገፋ የኖረ ሰው እንኳ እዚያ ሲደርስ «ሰላም ወዳድ» ይሆናል። መጻሕፍት አነባለሁ፣ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ ስለሚባል ይህን ታሪክ እንድጽፍ የሚጠሩት እኔን ነው። ብዙ ጻድቃን አምርቻለሁ።

ልብስ ሰፊው ጋሼ የሞቱ ጊዜ ግን ማጋነን አያስፈልግም ነበር። ከመንዝ ብርድ በቀር ጠላት አልነበራቸውም። ገበያው አፋፍ ላይ ባለች በረንዳ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሲሠሩ ይውላሉ። የድሃ ልጅ የተማሪ ቤት ሱሪ ከሰፉ ጉልበቱ ላይ ሳይጠየቁ ድርብ ጨርቅ ያስገባሉ። «እዚህ አገር ቶሎ የሚያልቀው ጉልበት ነው፤ ወይ በስግደት ወይ በዳገት» ይላሉ። እኔም በዚያ ድርብ ጨርቅ ነው ያደግሁት።

ከተማው የሚያከብራቸው ግን በስፌታቸው ብቻ አልነበረም። ዘር ይቆጥራሉ። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ካልተራራቁ ጋብቻ የለም። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንዱም የሴቷም ወገን በረንዳው ላይ ይሰበሰባል። ጋሼ እግራቸው መኪናውን እየረገጠ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ እንዲህ እያሉ እስከ ምንጅላትና እንጅላት ይወጣሉ። ሁለቱ ወገኖች የትም ካልተገናኙ «ሂዱ፣ ተዋለዱ» ይላሉ። ከተገናኙ መኪናው ይቆማል። ያ መኪና ሲቆም ስንት ሴት አልቅሳለች።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ እኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ላገባት የፈለግኋት ልጅ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። አባቷ ታች ወንዙ ዳር ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። አገሩ እሳቸው በሠሩት ማረሻ ያርሳል፣ በማጭዳቸው ያጭዳል፤ እህሉን ግን አብሯቸው አይበላም። ዓይናቸው ይፈራል። በዚያው ሰሞን አንድ ካድሬ በድምፅ ማጉያ «ባለ እጅን መናቅ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው!» እያለ ሲያስጨበጭበን ዋለ። ምሳውን የበላው ግን እኛ ቤት ነው። ታች ሰፈር ሲወርድ ያየው የለም።

ልጅቷን እንደምወዳት መጀመሪያ የነገርኩት ለጋሼ ነበር። ከት ብለው ሳቁ።

«አባትህ ይሰቅልሃል!»

«ይስቀለኝ።»

«በል እንግዲያው ሽማግሌ ሆኜ የምሄድልህ እኔ ነኝ። እኔን የሚያባርር በር እስኪ አያለሁ።»

ቤት ውስጥ ለጦርነት ተዘጋጀሁ። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ያነበብኩትን ሁሉ አሰልፌ ገባሁ። አባቴ አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም። «እሺ። ግን ደንብ ነውና ጋሼ ይቁጠሩት» አለ። እናቴም «ይሁን» አለች። እንዴት ያሉ ሥልጡን ወላጆች ናቸው ብዬ ኮራሁ።

በቀጠሮው ቀን በረንዳው ላይ አባቴ፣ የልጅቷ አባትና እኔ ተቀመጥን። ጋሼ የኛን ወገን ቆጥረው ወደነሱ ተሻገሩ። ጥቂት እንደወጡ መኪናው ቆመ።

«ምነው ጋሼ?» አልኩ።

«ምነው በለኝ ልጄ፣ እኔም ምነው እያልኩ ነው። የአባትህ ቅድመ አያት አንዲት እህት ነበረቻቸው። በክፉ ቀን፣ ሰው እህል ፍለጋ ሲበተን፣ ወደ ቆላ ወርዳ ባለ እጅ አገባች። የኚህ ሰው ቅድመ አያት እሷ ናት። ከልጅቷ ጋር በአምስት ቤት ትገናኛላችሁ።»

አባቴ አማተበ። «ከኃጢአት አወጣን!» አለ። የልጅቷ አባት መሬት መሬት ያያሉ። ያዘኑ መሰለኝ። ጋሼ ትከሻዬን ይዘው «ሚስት ከየትም ትገኛለች። እህት ግን ከሰማይ አትወርድም፤ አንተ ዛሬ እህት አገኘህ» አሉኝ።

አመንኩ። በእግዚአብሔር መኖር ከቄስ ጋር የምከራከር፣ ስብሰባ ላይ ካድሬ የማፋጥጥ ሰው ነበርኩ። በጋሼ ቆጠራ ግን አልተከራከርኩም፤ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርኩም። ልጅቷ መርሐቤቴ ወርዳ ዓለም ከተማ ተዳረች። እኔም ቆይቼ ሌላ ሴት አገባሁ። ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ወንድሜ» ትለኛለች። እኔ ግን «እህቴ» ብያት አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ሞተ። በተዝካሩ ቀን ዳሱ ሞልቶ ሳለ ቀጥቃጩ ሙክት እየሳቡ፣ ባለቤታቸው ዳቦ ተሸክመው መጡ። ሙክቱን አስረክበው ዘመድ ከተቀመጠበት ገብተው ተቀመጡ። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንተ! ማን ግባ አለህ?»

«ዘመድ ነኝ እመቤቴ። በአምስት ቤት።»

«የምን አምስት ቤት!» ወደ ጋሼ ዞረች። «ይኸው አያ! ልጁን ለማስጣል ብለው የፈጠሩት ዘመድ ተዝካር ሊበላ መጣ! ያመጡት እርስዎ ነዎት፣ ያስወጡልኝ እርስዎ!»

ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በዚያ ዳስ ውስጥ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያ ሕዝብ ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከአባቴ ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። ቆላ የወረደችው ሴት ጋ ሲደርሱ «ግራ እግሯን ትንሽ ያነክሳት ነበር» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው «ሐሰት ነው የምትይ ከሆነ አንቺ ቁጠሪልኝ» አሏት። አክስቴ ጀመረች። አያቷ ላይ ቆመች። ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ «ጋሼ እኮ! ጋሼ እኮ!» ተባለ። ለቀጥቃጩ ከሌላው ሰው ጋር ከአንድ መሶብ ቀረበላቸው።

ከተማው ይህን ታሪክ በጋሼ ደግነት ላይ ደመረው። እኔ በማግስቱ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

«ዋሽተውኛል» አልኩ።

መርፌያቸው ላይ ክር እያስገቡ ነበር። «እናትና አባትህ መጥተው 'ይህች ልጅ ከገባች እኛ እንወጣለን' አሉኝ። ቡዳ ናት ብዬ እንድነግርህ ትፈልግ ነበር?»

«እምቢ እንዲሉልኝ ነበር የምፈልገው። ሽማግሌ እሆንልሃለሁ ብለውኝ ነበር!»

«ሽማግሌ እኮ ሆንኩ። ሽማግሌ ማለት የሁለቱንም ወገን ፊት የሚያተርፍ ነው።»

«የኔስ ፊት?»

ክሩን ጎትተው ቋጠሩ። የጀመሩትን ሱሪ ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። ከዚያ በኋላ ከተማውን ለቅቄ ወጣሁ። ለበዓል ስመጣም በዚያ በረንዳ በኩል አላለፍኩም።

እንግዲህ ጋሼ ሲሞቱ የከተማው ሰዎች ስልክ ደውለው «ታሪካቸውን ካንተ በላይ ማን ይጽፋል?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ማንም አይጽፍም። ስመጣ በመንገድ ላይ ጻፍኩት፤ ስለ ስፌቱም ስለ ድርብ ጨርቁም። መጨረሻ ላይ ግን እውነቱን አሰፈርኩ፦ አንድ ጊዜ፣ አንድ ወጣት አምኗቸው ሳለ፣ ዘር ፈጥረው እንደቆጠሩ። ሕዝቡ ይህን ከመስማቱ በፊት ግን መስማት ያለባት አንዲት ሰው ነበረች።

ከዓለም ከተማ በአውቶቡስ መጥታ ለቅሶ ቤቱ በራፍ ላይ አገኘኋት። ከሕዝቡ ለይቼ ነገርኳት። ስጨርስ በሐዘን ሳይሆን በትዕግሥት ነበር የምታየኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከመቁጠራቸው በፊት ታች ወርደው አባቴን አነጋግረውት ነበር። 'ልጅህን ብትሰጣቸው አንተን ከደጃፋቸው አያሳልፉህም፤ እሷም ስታለቅስ እያየህ ትኖራለህ። ዘመድ ካደረግሁህ ግን አብረሃቸው ትበላለህ፣ ስትሞትም ይቀብሩሃል። የቱ ይሻልሃል?' አሉት።»

«አባትሽ መረጡ?»

«መረጠ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አለቀስኩ። ከዚያ አባቴን አየሁት። ወናፉን ትቶ ቆሞ 'ዘመድ ነኝ፣ ዘመድ ነኝ' እያለ ለብቻው ይለማመድ ነበር። ምን ልበለው?»

«ለኔ ልትነግሪኝ አይገባም ነበር?»

«ብነግርህ ትጣላቸዋለህ። አንተ መጣላት ደስ ይልሃል። ከጠቡ በኋላ እዚያ ወንዝ ዳር የምንኖረው ግን እኛ ነን።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ወረቀቱ ላይ ይህን ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ።»

«አባቴ ዕድሜው ሄዷል ወንድሜ» አለችና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ያን ሁሉ ዓመት የተከዳሁት በአንድ ሰው መስሎኝ ነበር። ቆጥሬ ስጨርስ ያልከዳኝ አልተረፈም፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ጋሼ፣ አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ሰው፣ እሷም። ከሁሉም ደግሞ በጣም ያንገበገበኝ ምክንያታቸው ጥሩ መሆኑ ነው። በመጥፎ ምክንያት የከዳንን ሰው ቢያንስ እንጠላዋለን።

ቅጽሩ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ። የመጨረሻውን አንቀጽ ዘለልኩት። እውነቱን ላወጣው የፈለግሁት ለእሷ ብዬ ነበር፤ እሷ ካልፈለገችው ሌላ የምሰጠው ሰው አልነበረኝም። በምትኩ «ዘር ሲቆጥሩ ያልተዛመደ ሰው ያዛመዱ» ብዬ ጨረስኩ። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ አለቀሰ።

ቀብሩ አልቆ ዳገቱን ስንወርድ ቀጥቃጩ ክንዴን ያዙ። አርጅተዋል፣ እግራቸው አይጸናም፤ ደግፎ ማውረድ ደግሞ የዘመድ ወግ ነው። ጥቂት እንደሄድን ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አሉኝ።

«ለእርስዎ፣ አዎ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ክንዴን ጠበቅ አደረጉት። መውረዳችንን ቀጠልን።