የዘሃራ ወንበር

ዛሬ በሙያ ምዘናው ላይ መዛኙ ዘሃራ እዚያው በሠራችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዱ እግር ወለቀና ከነመነጽራቸው መሬት ላይ ተዘረጉ። ደልዳላ ሰው ናቸው መቼም።

ማንም አልሳቀም። እኔ ቆሜ የወለቀውን እግር አየዋለሁ።

ዘሃራ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ስምንት ወር ሙያ ስትለምድ ነበር። እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ እኔ የላላውን መጋጠሚያ ፈትቼ በኮላ እንደገና እገጥመው ነበር። እንዳይከፋት ብዬ ነው።

ጠዋት ስትመጣ «ማሻ አላህ! እጅሽ ይባረክ» እላታለሁ።

ከምዘናው ስንወጣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጋር የሠራሁት አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም እኮ» አለችኝ።



ነገ ጠዋት ትመጣለች። ለልጅ አዝናችሁ ስህተቱን የደበቃችሁበት ካላችሁ፣ በኋላ ምን ብላችሁ እንደነገራችሁት ጻፉልኝ።