የሩሲያዋ ቀበሮና የጃፓኗ ጀልባ

በለጠች ብሩ ዓለም ከተማ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የታወቀች ልብስ ሰፊ ነበረች። በዚያ ዘመን ሙያው የወንድ ነው፤ እሷም የተማረችው ከባሏ ነው። ባሏ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ዘመዶቿ የስፌት መኪናውን ሸጣ ወደ አባቷ ቤት እንድትገባ መከሯት። እሷ ግን ሐዘኗን እንደጨረሰች መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥታ የመጀመሪያውን ካኪ ለስፌት በልክ ቀደደች። ወንዶቹ ሰፊዎች ሳቁባት። ዓመት ሳይሞላ ግን ኮሌታ ሲያስቸግራቸው ወደ እሷ ይልኩ ጀመር። የልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም ሁሉም መኪናውን ይዞ ገባ። የበለጠችም መኪና የማኅበር ንብረት ተብሎ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ ለማኅበሩ ጨርቅ ልታመጣ አዲስ አበባ ወርዳ ስትመለስ የተሳፈረችበት አውቶቡስ የጀማ ወንዝ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ሾፌሩ ጫኔ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ከድንጋዩ ጋር አላተመው። ገደሉ በሌላው በኩል ነበርና የሁሉም ሰው ነፍስ ተረፈ። የበለጠች ቀኝ ክንድ ግን ከወንበሩ ብረት ሥር ገብቶ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

አጥንቱን የጠገኑላት አባ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ጠዋት ቀድሰው ከሰዓት በኋላ የሰው ስብራት የሚያሹ ቄስ ነበሩ። ማሰሪያው ሲፈታ ክንዷ ደህና ገጥሟል፤ ጣቶቿ ግን እንደ ደረቀ ጠፍር ክርር ብለው ቀሩ። አውራ ጣቷ ጠቋሚ ጣቷን መንካት አቃተው። መርፌ የሚያዘው ደግሞ በእነዚያ በሁለቱ ነው።

“አጥንትሽን እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ጣትሽን የምትሠሪው አንቺ ነሽ” አሏት። “ቀኑን ሙሉ እጥፍ ዘርጋ፣ እጥፍ ዘርጋ ታደርጊያለሽ። ቢያምሽም አታቁሚ።”

“እስከ መቼ ነው አባ?”

“እስኪታዘዝልሽ።”

በለጠች ሞከረች። የሱፍ ልቃቂት ትጨብጣለች፣ ባቄላ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ሕመሙን ጥርሷን ነክሳ ትችለው ነበር፤ ያቃታት መሰልቸቱ ነው። ጥቂት ታደርግና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ የተሸፈነውን መኪናዋን እያየች ትቀመጣለች።

ሰኔ ሲገባ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ የተነገረውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ነው።

“ጓድ በለጠች፣ የማኅበር መኪና ተሸፍኖ አይቀመጥም” አላት። “ለአብዮት በዓል የተማሪዎች ዩኒፎርም ታዟል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መስፋት ካልጀመርሽ መኪናው መኪና ለሌለው ለኃይለ ኢየሱስ ይሰጣል።”

“መኪናው እኮ የባሌ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“የባልሽ ነበር። አሁን የማኅበሩ ነው። ምን ላድርግሽ?”

እሱ ከሄደ በኋላ ሽፋኑን ገልጣ የመኪናውን ጎማ በግራ እጇ አንዴ አዞረችውና መልሳ ሸፈነችው።

ሐምሌ ላይ ታናሽ ወንድሟ መርስዔ ኃዘን ከሶቪየት ኅብረት ተመለሰ። አባታቸው ዲያቆን እንዲሆን ነበር ያን ስም ያወጡለት፤ እሱ ግን ኦዴሳ ድረስ ሄዶ የትራክተር ጥገና ተምሮ መጣ። ለእህቱ አበባ ያለበት የራስ ሻሽ ሰጣት። ሻሹን ስትዘረጋው ከሻንጣው ውስጥ ሌላ ነገር ጢጥ አለ።

“ምንድን ነው የሚጮኸው?”

“ጌም ይባላል እትዬ። መጫወቻ ነው። ሰዓትም ትቆጥራለች።”

የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ናት። መሃሏ ላይ መስታወት፣ በአራቱም ጥግ ቀይ ቁልፍ አላት። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ቀበሮ ቅርጫት ይዞ ቆሟል። በግራና በቀኝ፣ ከላይና ከታች፣ አራት የዶሮ ቆጦች አሉ። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ጢጥ ጢጥ እያለ ይንከባለላል። ከመሬት ሳይደርስ በዚያ ጥግ ያለውን ቁልፍ ከተጫኑ ቀበሮው ቅርጫቱን ዘርግቶ ይቀልበዋል። ሦስት እንቁላል ከተሰበረ ጨዋታው አለቀ።

በለጠች ብዙ አየችው። “ቀበሮ እንቁላል የሚሰበስበው ለማን ብሎ ነው?”

“እኔ እንጃ። አገራቸው እንደዚያ ነው መሰለኝ።”

“የማኅበር ቀበሮ ነዋ!” አለችና ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። መርስዔ ኃዘን እህቱን ስትስቅ ያያት ከመጣ ወዲህ ያን ጊዜ ገና ነው።

መጀመሪያ በግራ እጇ ሞከረች። ቀጥላ ሳታስበው ቀኟን ጨመረች። እንቁላሎቹ ወዲያው ተሰበሩ። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ተሰበሩ። ተናደደችና እንደገና፣ እንደገና አለች። መርስዔ ኃዘን ከተማውን ዞሮ፣ ጓደኞቹን ስሞ ሲመለስ በረንዳው ላይ እዚያው ተቀምጣለች።

“እጅሽን አላመመሽም?”

በለጠች ቀና ብላ እጇን አየች። አውራ ጣቷ ይርገበገባል፤ አብጦም ነበር። “አሞኛል ለካ” አለች፤ “ረስቼው ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሷ ሕግ አወጣች። ግራ እጇ ጌሟን ደግፎ ይይዛል እንጂ ቁልፍ አይነካም። ጌሟን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ቀኝ እጇን እንደ ሸረሪት ትዘረጋለች፤ ለእያንዳንዱ ጥግ አንድ ጣት ትመድባለች። የሩሲያዋ ቁልፍ ግትር ነው፤ በጉልበት ካልተጫኑት አይሰማም። ሳምንቱ ባለፈ ቁጥር ግን ጣቶቿ ይጠነክሩ ጀመር። አባ ዓምደ ሚካኤል ሊጠይቋት መጥተው ነገሩን ሲያዩ ተገረሙ። እጇን ይዘው አገላበጡትና “ይሄን ያህል ከታጠፈልሽ ቀበሮም ቢሆን ይሥራ” ብለው ባርከዋት ሄዱ።

ሾፌሩ ጫኔ ከአደጋው በኋላ አውቶቡሱን ትቶ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የበለጠችን ወሬ ከባልደረቦቹ ሰማ። በሚቀጥለው ጉዞው ከመርከበኞች ዕቃ ከሚገበያዩ ሰዎች አንድ ሌላ ጌም ገዝቶ፣ መንገዱን ጠምዝዞ ዓለም ከተማ ገባ።

“እትዬ በለጠች፣ ይቺ ደግሞ የጃፓን ናት” አላት። “የሩሲያዋን ሲሰለቹ ይቀያይሯታል ብዬ ነው።”

የጃፓኗ ቀጭን ናት፤ ፊቷ ብርማ ነው። ቀበሮ የለባትም። አንድ ሰው ጀልባ ላይ ቆሞ ከባሕሩ የሚዘሉ ዓሦችን በመረብ ይቀልባል። ቁልፏ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ጀልባውን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ሥዕሏ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና ቢሆንም ይታያል። በለጠች ቀለል ያለች መስሏት ጀመረች። ዓሦቹ ግን ፋታ የላቸውም፤ አንዱን ሳትቀልብ ሌላው አየር ላይ ነው። አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ እየተቀባበሉ ካልሮጡ አይሆንም።

በረንዳዋ የወሬ ቦታ ሆነ። የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ የጃፓኗን ይወዳል፤ ከማኅበሩ ሰፊዎች ገሚሶቹ “የሩሲያዋ ናት ሰው የምታደርግ” ይላሉ። ጎረቤቷ ጌታነሽ እንቁላሉ በተሰበረ ቁጥር “እኔን!” እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። አንድ ቀን ጓድ አባይነህ የተሰበሰበውን ሰው አይቶ ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ። ሲነግሩት ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠና “እስቲ የሶሻሊስቷን አገር ምርት አምጡልኝ” አለ። እንቁላሉን ሁሉ ፈጀው። “ይሄ አልቆጠረም” ብሎ ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ ፈጀው። ስብሰባ እንዳለበት ያስታወሱት ሌሎች ናቸው።

ሲነሳ ግን ሰው ሁሉ በሚሰማበት ጠየቃት። “እንግዲህ ሁለቱንም የምታውቂው አንቺ ነሽ። የትኛዋ ትበልጣለች?”

መርስዔ ኃዘን የጃፓኗን እንዳታስበልጥ እህቱን በዓይኑ ለመናት። እሷ ግን ስለ ጨርቅ የተጠየቀች ያህል ተረጋግታ መለሰች።

“የሩሲያዋ ቁልፏ ደረቅ ነው፤ ሥዕሏም ፀሐይ ካላገኘች አይለይም። ግን ጣቶቼን ጉልበት ያስተማረቻቸው እሷ ናት። የጃፓኗ ለስላሳ ናት፤ ሥዕሏም ያምራል፤ ፍጥነት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ የጃፓኗን እወስዳለሁ። ለእጄ ከሆነ ግን የሩሲያዋ ትቅደም። ከሁለቱ አንዷን ብትወስዱብኝ አልቅሼ አይወጣልኝም።”

“ስለዚህ የሶሻሊስቷ ትጠቅማለች፤ የካፒታሊስቷ ታስደስታለች ማለት ነው” አለ ጓድ አባይነህ፤ በራሱ አነጋገርም ደስ ብሎት ሄደ። ያንኑ ቃል በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሲደግመው ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሁለቱም ጌሞች ባትሪ አለቀ። እንደዚያ ያለ ባትሪ ዓለም ከተማ ገበያ ላይ አይገኝም። መርስዔ ኃዘን ምንም ሳይል የእጅ ሰዓቱን ከፍቶ ባትሪውን አወጣ። የሩሲያዋ ሁለት ትፈልጋለችና አንድ ብቻውን አልበቃ አለ። እንደ እድል ሆኖ ጫኔ ያን ሰሞን መንገድ ተበላሽቶበት ከተማው ውስጥ ነበርና እሱም የራሱን ሰዓት ፈታ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስንት ሰዓት እንደሆነ ሰው ሲጠይቁ ሰነበቱ።

“ኦዴሳ ሳለን አንድ ወሬ ነበር” አላት መርስዔ ኃዘን ባትሪውን እየገጠመ። “ሺህ ነጥብ የደረሰን ሰው ጌሟ ፊልም ታሳየዋለች ይባላል። የደረሰ ግን አላየሁም።”

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ በለጠች የሩሲያዋን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ጀመረች። መቶውን፣ ሁለት መቶውን እንደ ቀልድ አለፈችው። ስድስት መቶ ላይ ስትደርስ ጌታነሽ ሮጣ ጎረቤቱን ጠራች። ስምንት መቶ ላይ ጫኔ ከጭነት መኪናው ሥር ቅባት በቅባት ሆኖ ወጥቶ መጣ። እንቁላሎቹ ከአራቱም ቆጥ ይወርዳሉ፤ ጢጥታው አንድ ጩኸት ሆኗል። ሁለት እንቁላል ተሰብሯል፤ አንድ ከደገመች አለቀላት። የበለጠች ጣቶች ብቻ ከጥግ ጥግ ይመላለሳሉ።

ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ደረሰ። አንድ እንቁላል ከላይ በቀኝ በኩል መጣ። ጠቋሚ ጣቷ ወረደ።

ሺህ ሞላ፤ ጌሟ ከዚያ በላይ መቁጠር አታውቅምና ቁጥሩ ተመልሶ ዜሮ ሆነ። ቀበሮው እንደ በፊቱ ቅርጫቱን ይዞ ቆመ።

“ፊልሙስ?” አለች ጌታነሽ።

“ምን ፊልም አለ፤ የኦዴሳ ተማሪዎች ውሸታም ናቸው!” አለች በለጠች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጌታነሽ እልልታውን አቀለጠችው። ጫኔ በቅባታም እጁ መርስዔ ኃዘንን አቅፎ ሸሚዙን አበላሸው። “ሸሚዝህን አምጣው” አለችው እህቱ፣ “ካልለቀቀ ሌላ እሰፋልሃለሁ።” ያንን ቃል ካፏ ካወጣች በኋላ እሷም ደነገጠች። እሰፋልሃለሁ ካለች ብዙ ወር ሆኗታል።

የነሐሴ መጨረሻ ስብሰባ በማኅበሩ አዳራሽ ተደረገ። ጓድ አባይነህ በልክ ተቀዶ ገና ያልተሰፋ ካኪ ለፈተና አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መኪናው ይሰጠዋል የተባለው ኃይለ ኢየሱስ ወጣት ሰፊ ነው፤ ትሑት ልጅ በመሆኑ በለጠችን ቀና ብሎ ለማየት አፍሮ ነበር። በለጠች ክሩን ቆርጣ በምራቋ አሾለችው። መርፌውን በግራ እጇ ያዘች። ቀኝ አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ ተገናኙ፤ ክሩን ቆንጥጠው ይዘው በመርፌው ዓይን አሳለፉት። አባ ዓምደ ሚካኤል ከኋላ ወንበር ላይ “ተመስገን” ሲሉ ሁሉም ሰማ።

ከዚያ ከቤቷ ተሸክመው ያመጡት መኪና ላይ ተቀመጠች። የመኪናው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ኮሌታውን አዞረች፣ እጅጌውን ገጠመች፣ ኪሱን አስቀመጠች። የአዝራር ቀዳዳዎቹን በእጇ ዘመዘመቻቸው፤ ያ ነው የሚያስቸግረው፣ ጣት የሚፈትነው። ስትጨርስ ጃኬቱን አራግፋ ለሊቀመንበሩ ሰጠችው። እሱ ስለ ስፌት አያውቅምና ለኃይለ ኢየሱስ አሳለፈው።

ኃይለ ኢየሱስ ጃኬቱን ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው። የአዝራሩን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አድርጎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ይሄን ቀዳዳ እንዲህ አድርጌ መሥራት አልችልም” አለ። “መኪናውን ለእትዬ በለጠች ተዉላት። እኔን ከጎኗ አስቀምጡኝ።”

አዳራሹ አጨበጨበ። ጓድ አባይነህም ማጨብጨቡ እንደሚፈቀድ ካየ በኋላ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

መስከረም ሁለት ቀን የዓለም ከተማ ተማሪዎች በአዲስ ካኪ ተሰልፈው በገበያው መሃል ሲያልፉ በለጠች አዲሱን የኦዴሳ ሻሽ አስራ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ሰው መፈክሩን ሲሰማ እሷ አዝራር ትመለከት ነበር። አንድም የተዘነጠለ የለም።

መርስዔ ኃዘን ለሥራ ደብረ ብርሃን ሲመደብ የሩሲያዋን ለእህቱ ተወላት። ጫኔም ለሁለቱም ጌሞች የሚሆን ባትሪ ከአሰብ ያመላልስላት ጀመር። አባ ዓምደ ሚካኤልም ከዚያ ወዲህ እጁ የተሰበረ ሰው ሲመጣላቸው አጥንቱን ጠግነው፣ ባርከው፣ “አሁን ወደ በለጠች በረንዳ ሂድ” ይሉት ጀመር። ከሞላሌ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። እሷም መኪናዋን እየረገጠች፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ፣ “በቀኝህ! በቀኝህ ብቻ!” እያለች ትቆጣቸዋለች። ጌሞቹን የነካ ሰው ሁሉ ሺህን ሞክሯል፤ ጓድ አባይነህ ራሱ ደጋግሞ ሞክሯል። ከእሷ በቀር የደረሰ ግን አልነበረም።