እህቴ «ዊዝ ዜም» ያለች ቀን

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለመቀጠር መጀመሪያ የተፈተነች ዕለት ደሴ ድረስ እያለቀሰች ነው የመጣችው። ሰኞ ገበያ ጀርባ ያለችው ቤቴ ስትደርስ ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። እሷ ያኔ ከኮሌጅ ወጥታ፣ ሐርቡ እናታችን ዘንድ ተቀምጣ ሥራ ትፈልግ ነበር።

«ምን ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ተሳፋሪዎች ሁሉ ሻንጣቸውን ከአጠገባቸው እንዳይለዩ በእንግሊዝኛ ንገሪ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

አፍንጫዋን ጠረገችና ያለችውን ደገመችልኝ። «ኦል ፓሴንጀር ማስት ኪፕ ሂዝ ባግ ዊዝ ዜይ።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት። ሁሉም ተሳፋሪዎች ለማለት ጀምራ ተሳፋሪውን አንድ አደረገችው። ሻንጣውን ለአንድ ወንድ ሰጠችው። መጨረሻ ላይ ሰውየው እንደገና ብዙ ሆነ፤ ብዙ ሆኖም «ዜም» መባል ሲገባው «ዜይ» ተባለ። መባል የነበረበት «ኦል ፓሴንጀርስ ማስት ኪፕ ዜር ባግስ ዊዝ ዜም» ነበር። ፈታኞቹ ግን ደግ ሰዎች ናቸው። ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛሽን አሻሽለሽ ሌላ ጊዜ ተመለሽ ብለው ነው የሸኟት።

ይህን ስህተት በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። እኛ «ሁሉም ሰው ሻንጣውን ይያዝ» እንላለን። ሰዉ አዳራሽ ሙሉ ቢሆንም ቃሉ አንድ ነው፤ ማንም አይቸገርም። «ከእነሱ ጋር» ስንልም «እነሱ» እንዳለ ይቀመጣል፤ ፊቱ ላይ «ከ» ስለመጣበት መልኩን አይቀይርም። እህቴ በአማርኛ አስባ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

«አብሽሪ» አልኳት። «ክረምቱን እኔ ዘንድ ትከርሚያለሽ።»

ለእናታችን ደውዬ አስፈቀድኩላትና ከረመች። ጠዋት ጠዋት የቤቱን ሥራ እንጨርሳለን፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን። መጀመሪያ አልሆነልንም። እኔ ሕጉን እነግራታለሁ፣ እሷ ትሸመድደዋለች፣ ሻይ ስትጠጣ ይጠፋባታል። «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» ማለቷን አልተወችም። ከጓደኞቼ አንዷ ስትይ ጓደኞቹ ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ «ፍሬንድስ» በይ ብላት፣ «አንድ እያልኩ እንዴት ብዙ ይሆናል?» ብላ ትሞግተኛለች።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት እስክሪብቶዋን ወረወረችው።

«እታለም፣ እኛ ምንጊዜም እኛ ነን። ከእኛ፣ ለእኛ፣ ስለ እኛ፤ አንቀየርም። የእነሱ ‹ዊ› ምን ነክቶት ነው ‹አስ› የሚሆነው?»

ለተማሪዎቼ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ «ከመስተዋድድ ቀጥሎ እንዲህ ነው፣ ያዙት» የሚል ነበር። እሷን ግን እንዲያ ማለት አልቻልኩም። የወረወረችውን እስክሪብቶ አንስቼ ሰጠኋት።

«ቆይ። ‹እናቴን ጠራሁ› ስትይ አንቺ ቃሉ ውስጥ የት አለሽ?»

«‹ሁ› ላይ።»

«‹እናቴ ጠራችኝ› ስትይስ?»

«‹ኝ› ላይ።»

«አየሽ? ያው አንቺው ነሽ። ስትጣሪ ‹ሁ›፣ ሌላ ሰው ሲጠራሽ ‹ኝ›። እንግሊዝኛው ‹አይ› እና ‹ሚ› የሚለው ለዚህ ነው። ‹ዊ› እና ‹አስ›፣ ‹ዜይ› እና ‹ዜም›ም እንደዚያው ናቸው። እነ ‹ዊዝ›፣ እነ ‹ፎር›፣ እነ ‹ኦፍ› ደግሞ ከኋላቸው የሚያስከትሉት ምንጊዜም የ‹ኝ›ን ወገን ነው።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ታዲያ እኛም አለን እኮ! ወላሂ እኛም አለን!»

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። እንግሊዝኛ ከሩቅ አገር የመጣ አስቸጋሪ እንግዳ መሆኑ ቀረና፣ የሚጣራና የሚጠራ ያለበት፣ የሚገባት ነገር ሆነላት። እኔም ያን ዓመት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼን በ«ጠራሁ» እና በ«ጠራችኝ» ነው የጀመርኳቸው። ገባቸው።

የቤቱ ትምህርት ሲበቃን ወደ ገበያው ወጣን። ሰኞ ሰኞ ሰፈራችን ሰው በሰው ይሆናል፤ ትከሻ ለትከሻ ሳይጋፉ መራመድ አይቻልም። ለሚያጠና ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ የሚታየው ሁሉ ብዙ ነው። ያየሽውን በብዙ ቁጥር ጥሪ፣ መስተዋድድ አስገቢ፣ በተውላጠ ስም ጨርሺ አልኳት። እሷም ጆንያ ተጭነው የሚመጡ አህዮች አየችና «ዶንኪስ ዊዝ ሳክስ ኦን ዜም» አለች። «ኦን ዜይ» አላለችም! መንገዱ መሃል ቆሜ አቀፍኳት፤ ከኋላችን የነበሩት ሰዎች «ኧረ እለፉ!» ብለው ጮኹብን።

በርበሬ ከሚሸጡት እናቶች አንዷ ስንንሾካሾክ አይተውን ኖሯል።

«እናንተ ልጆች፣ ስለ እኛ ምን እያላችሁ ነው?»

«እናቴ፣ እንግሊዝኛ እየተለማመድን ነው» አለች እህቴ። «ያየነውን እየጠራን ነው።»

«እኛንስ ጠራሽን?»

እህቴ መደዳውን የተቀመጡትን ሴቶች አየች፣ ፊት ፊታቸው የተቆለለውን በርበሬ አየች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ዊመን ዊዝ ፔፐር ኢን ፍሮንት ኦፍ ዜም» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«በርበሬ ፊታቸው ያለ ሴቶች ማለት ነው።»

«የእኔን ብቻ ነው ወይስ የሁላችንንም?»

«የሁላችሁንም ነው እናቴ።»

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉና ለጎረቤቶቻቸው አወሩላቸው። በሚቀጥሉት ሰኞዎች በዚያ ባለፍን ቁጥር «ዛሬስ ምን ሆነን ዋልን?» እያሉ ይጠሩን ነበር። እህቴ ሳትመልስ አታልፍም፤ ሰው ሲሰማት ማፈሯም እዚያው ገበያ ውስጥ ለቀቃት።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ተፈተነች። ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

«እታለም፣ አለፍኩ! ወላሂ አለፍኩ!»

ተመልሼ ስገባ ፊቴ አስታውቆብኝ መሰለኝ፣ ተማሪዎቼ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡልኝ።

እህቴ ሥራ ከጀመረች በኋላ እናታችን ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። እህቴ በአውቶቡስ አትንገላታም ብላ ድርቅ አለች። እኔ ከደሴ ወረድኩ፣ እናታችን ከሐርቡ መጣች፣ ኮምቦልቻ ተገናኝተን ሁለታችንም በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልንሳፈር ሄድን። እናቴ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ነበር።

ያን ቀን ጉሙ ተራሮቹን ሸፍኖ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ዘገየ። አዳራሹ ውስጥ ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩ፤ ስለ ሻንጣቸው ደጋግመው ይጠይቃሉ። በዚህ መሃል ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና የእህቴ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቀች፣ ምክንያቱን ተናገረች። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ዞረች። ከወረቀት እያነበበች አልነበረም፤ ከተቀመጥንበት ትታየኛለች፣ ዓይኗ ሰዉ ላይ ነው።

«ሰም ኦፍ ዩ ሃቭ አስክድ አስ አባውት ዩር ባግስ። ኦል ኦፍ ዜም አር ሴፍ ዊዝ አስ።» ቀጥላም ልጆች የያዙት ልጆቻቸውን ከአጠገባቸው እንዳያርቁ፣ «ፓሴንጀርስ ዊዝ ቺልድረን፣ ፕሊዝ ኪፕ ዜም ኒር ዩ» አለቻቸው።

ጆሮዬ ስህተት መልቀም የለመደ የመምህር ጆሮ ነው። አንድም አላገኘም። ብዙው ብዙ ሆኖ፣ «አስ»ም «ዜም»ም ቦታ ቦታቸውን ይዘው፣ ቃላቱ እንደተሰለፉ ወታደሮች ሳይሆን እንደሚተዋወቁ ሰዎች ተከታትለው ወጡ። ደረቴ ሞላ፤ እንባዬንም መመለስ አቃተኝ።

«ምን አለች?» አለች እናቴ እጄን ይዛ።

«አንዳንዶቻችሁ ስለ ሻንጣችሁ ጠይቃችሁናል፣ ሁሉም እኛ ዘንድ በደኅና አሉ አለች።»

«የእኔንም ጨምራ ነው?»

«አዎ እማ፣ ሁሉንም ነው።»

አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ እኛ ዘንበል አሉ። «ይቺ ልጅ እንግሊዝኛውን አሳምራ ትናገረዋለች፣ ማሻአላህ።»

እናቴ ሻርፗን አስተካከለች። «የእኔ ልጅ ናት።»

«እርስዎ ነዎት የወለዷት?»

«እኔ ነኝ። ያስተማረቻት ደግሞ ይቺ ናት፤ ይቺም የእኔው ናት።»

ጉሙ ሲገፈፍ አውሮፕላኑ መጣና ተሰለፍን። በሩ ላይ ትኬት የምታየው እህቴ ነበረች። የእናታችንን ተቀብላ አየችና እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ጎንበስ ብላ፣ «መልካም ጉዞ ይሁንልዎ» አለቻት።

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ ያልሽኝ?» አለች እናቴ ጮክ ብላ።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ እማ» አለች እህቴ በሹክሹክታ፤ ሳቋ ግን አመለጣት። እናቴ ግንባሯን ሳመቻትና እዚያው ቆማ ዱዓ አደረገችላት። ሰልፉ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ሰው «አሚን» ሲል ሰማሁ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ እናቴ ትፈራለች ብዬ እጇን ያዝኩ። እሷ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፋ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችን ጣሪያ ትቃኝ ነበር።

«ልጄ ያለችበት የትኛው ነው?»

አሳየኋት። ደመናው እስኪጋርደን ድረስ ጣቷን ከመስታወቱ አላነሳችም።